ለግቢ አበባ ሲባል የገበሬ አፈር አይጋዝ

የአስተዳደር ግቢ በጽጌረዳና በልዩ ልዩ አበባ አጊጦ ሲታይ ደስ ያሰኛል፤ የሹሙንም ትጋት ያስመሰክራል። ነገር ግን የግቢው መሬት ጠጣር የሆነ እንደ ሆነ፥ ከገበሬው ማሳ ለሙን የላይ አፈር በአህያ አስጭኖ ማስመጣት ለእኔ የቀና ሥራ መስሎ አይታየኝም። አንድ ጣት ውፍረት ያለው ለም አፈር እስኪፈጠር ብዙ መቶ ዓመት ይፈጃልና፥ ከማሳው የተጋዘው በገበሬው ዕድሜ አይተካም። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ሥፍራ ተመኝቶ የደረሰበትን ፍርድ የምናውቅ ሰዎች፥ ለአበባችን ስንል የሌላውን እርሻ ልናራቁት አይገባንም።

የግቢው መሬት በዚያው በቦታው የሚለማበት መንገድ አለ፤ ይኸውም አበባው ከመተከሉ በፊት አንድ ክረምት ግብጦ ወይም ባቄላ ዘርቶ መሸፈን ነው። በእነዚህ ተክሎች ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን ናይትሮጂን የሚባለውን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ይህንንም ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ አስረድተዋል። ደግሞም ቅጠሉ አፈሩን ከዶፍ ይጋርዳል፤ ሥሩም ጠጣሩን ያላላል።

የጎጃም ገበሬ አጥብቆ የሚያውቀው ግብጦ በሣሣ መሬት እንኳ ይበቅላል፤ ስለሚመርም ከብት እምብዛም አይነካውም። ውሃ የሚቋጥር መረሬ ግን አይስማማውም፤ በዚያ መደቡን ከፍ አድርጎ ባቄላ መዝራት ይሻላል። ዘሩ በሰኔ ይዘራ፤ አበባ ሲይዝና ፍሬ ሳይቋጥር ታጭዶ፥ መሬቱ እርጥብ ሳለ በዶማ ከአፈር በታች ይገልበጥ። ፍሬው እስኪበስል ከቆዩ ኃይሉ ወደ ፍሬው ይሄዳል። ከአንድ ወር በኋላ ሲበሰብስ አበባውን ተክሎ ውሃ ማጠጣት ነው።

ግብጦ በቅሎበት በማያውቅ ሥፍራ፥ ከቆየ የግብጦ ማሳ የተወሰደ ጥቂት እፍኝ አፈር ከዘሩ ጋር ቢደባለቅ እባጩ ደኅና ይይዛል። እንግዲህ ከገበሬው የሚፈለገው ይህ እፍኝ ብቻ ነው፤ እርሱም በፈቃዱና በምስጋና ይሁን።

አንድ ክረምት መታገሥ ይረዝማል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አቤቱታ ይዞ ወደ ግቢው የሚመጣው ገበሬ የሚያየው አበባውን ብቻ አይደለም፤ መሬቱ በምን እንደ ለማም ያያል። ከማሳው በተጋዘ አፈር የበቀለ ጽጌረዳ ያሳዝነዋል፤ በግብጦ የለማ መደብ ግን ወደ እርሻው ይዞት የሚመለስ ትምህርት ይሆነዋል።