ዳዊቱን የቀደደው ሌላ ነው፤ ዋጋውን ያስወደድነው ግን እኛው ነን

መርካቶ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። አንድ ሰው ዕቃ በእጁ ይዞ ከነጋዴው ጋር ዋጋ ሲከራከር ሌላው ገዢ ቆሞ ይጠብቃል። በጣም ከቸኮለ «ወንድሜ፣ ለቀኸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይለቀው መሀል ገብቶ «እኔ ሃምሳ ጨምሬ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ነውረኛ ነው። ነጋዴው እንኳ ብሩን እየተቀበለ በልቡ ይንቀዋል። እኔም በዚህ ሕግ ያደግሁ ሰው ነኝ። ታዲያ ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ እህቴ ቤት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ያንኑ ነውር በገዛ እጄ ስፈጽም አመሸሁ። በማን ላይ እንደፈጸምኩት ያወቅሁት ግን ከሳምንት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ከፍቶ «አጎቴ፣ ና ይህን እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። አንድ ቅጠል ብራና ነው፤ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፈ ግዕዝ። የመስፊያው ቀዳዳ በጠርዙ ላይ ይታያል፣ በምላጭ የተቆረጠበት ጎን ገና ነጭ ነው። ሻጩ «የጥንት አፍሪካ ጽሑፍ፣ ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን» ብሎታል። እኔ ግን ሁለት መስመር እንዳነበብኩ አወቅሁት፤ መዝሙር 50 ነው። አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ በቃላቸው ይደግሙት የነበረው፣ የንስሐው መዝሙር! ቀጣዩ ቅጠል በሌላ ቁጥር ለብቻው ቀርቧል፤ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። አንድ ሙሉ ዳዊት ተበልቶ እንደ ቅርጫ ሥጋ በየመደቡ ተዘርግቷል።

መነሻ ዋጋው 30 ዶላር ነበር። ደሜ ፈላ። «ጥራ!» አልኩት ልጁን። ጨረታው ሊዘጋ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደናገር ስለ ኮምፒዩተሩ ጨረታ ጥቂት ልበል። በእኛ አገር ጨረታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የታሸገ ፖስታ፣ ማኅተምና ሲፒኦ ነው። ይኼኛው ግን ሐራጅ ነው፤ ሁሉም ዋጋውን እያየ ይጨምራል። ከሁሉ የታወቀው ኢቤይ ነው። ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምረው መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ማመልከቻ ነው አሉ፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። (ለተሰበረ ዕቃም ገዢ አለው ማለት ነው፤ ለተቀደደ መጽሐፍ የማይኖረው ለምንድን ነው?) አሠራሩ እንዲህ ነው። ልከፍል የምችለውን የመጨረሻ ዋጋ፣ 120 ዶላር እንበል፣ በምስጢር እነግረዋለሁ። ማሽኑ ወኪሌ ሆኖ የሚጨምረው ተፎካካሪዬን ለማለፍ የሚበቃውን ብቻ ነው። የሌላው ሰው ጣሪያ 90 ከሆነ እኔ የማሸንፈው በ91 እንጂ በ120 አይደለም። የተጫራቾቹ ስም በኮከብ ምልክት ስለሚሸፈን ማን ከማን ጋር እንደሚታገል አይታወቅም። ሰዓቱ ሲሞላ ደግሞ አጫራች የለ፣ መዶሻ የለ፣ ጥርቅም ይላል።

ስለዚህ ዐዋቂ ተጫራች ምን ያደርጋል? አስቀድሞ፣ ደሙ ሳይሞቅ፣ ጣሪያውን ይቆርጣል። ከዚያ ዝም ይላል። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቅ ብሎ አንድ ጊዜ ይጠራና ይወጣል። አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ሰዓቱ በማይራዘምበት በኢቤይ ሰው አድፍጦ መጨረሻ ላይ ይጠራል። አንድ ሰው በጠራ ቁጥር መዝጊያው ይገፋ በነበረበት በያኔው የአማዞን ጨረታ ግን ማድፈጡ እጅግ ያነሰ ነበር። ማድፈጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ነውሩ ሌላ ነው። የራስን ዕቃ በዘመድ አስጠርቶ ዋጋ ማሞቅ ነውር ነው፣ በደንቡም የተከለከለ ነው። አሸንፎ አለመክፈልም እንዲሁ።

እኔ ምን አደረግሁ? የዚህን ሁሉ ተቃራኒ! ከሦስት ቀን በፊት ጀምሬ 35፣ 40፣ 52 እያልኩ ልክ ሠርግ ቤት እንደሚሸልም ሰው ጨመርኩ። እኔ በጨመርኩ ቁጥር ያ በኮከብ የተሸፈነ ሰው ይጨምራል። «ይህ ፈረንጅ እልኸኛ ነው» አልኩ። እሑድ ማታ ልጁ «አጎቴ፣ በቃ እንተወው» ቢለኝ ተቆጣሁት። 300 አስገባሁና በ290 ዶላር አሸነፍኩ። እህቴ ቡና አፈላች።

በሳምንቱ ከቤተክርስቲያን መልስ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ቤት ተጠርተን ሄድን። ጨዋታው ከአገር ቤት ወደ ብራና ዞረ። ሽማግሌው ምርር ብለው «ባለፈው እሑድ አንድ የዳዊት ቅጠል ለጥቂት አመለጠኝ። እስከ 285 ድረስ ሄጄ ነበር፤ አንድ እልኸኛ ፈረንጅ ነጠቀኝ» አሉ። የእህቴ ልጅ አየኝ። እኔ ጽዋዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ፈረንጁ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ ነህ እንዴ ያቃጠልከኝ!» ብለው ሳቁ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ያ ሰው ከእህቴ ቤት አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። ሁለት ኢትዮጵያውያን የአንድን ቤተክርስቲያን ዳዊት ለማዳን ብለን፣ ሳንተዋወቅ፣ የ30 ዶላሩን ቅጠል 290 አደረስነው። ማታ ቤት ገብተን የሻጩን ገበያ ስንከፍት ደግሞ ሌሎች ቅጠሎች ተጨምረዋል፤ መነሻ ዋጋቸው 150 ዶላር ሆኗል። ምላጩን ያሳልንለት እኛው ነን።

ይህ የጨረታ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የናፒየር ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጦታል። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምዝ በቂ ገንዘብ ተይዞለት ስለነበር ከሌሎቹ በላይ እየጠራ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ እጅ ገቡ። ከጨረታው የተገኘው ለወታደሩ ተከፋፈለ። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ቢያንስ የእኛ ሰው ተጫራች ሆኖ ዋጋ አላሞቀም።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ አይተናል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሲቀርቡ ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ከጨረታው ወጡ። ሼህራዛድ የተባለ ድርጅት ገዝቶ መለሳቸው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም በተመሳሳይ ተቃውሞ ወጥቶ በ2017 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል። ደብዳቤ የጻፉትን ይበል እላለሁ፤ የሠራን ማመስገን ነውር የለውም። ነገር ግን ያ የመቅደላ ዕቃ ነው፣ ጋዜጣ ይጮህለታል፣ ባለሥልጣን አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል። የአንዲት የገጠር ደብር ዳዊት፣ ያውም በቅጠል በቅጠል፣ እሑድ ሌሊት ሲሸጥ ማን ነቅቶ ያያል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል። አንዳንዱ ብራና ከአዋጁ በፊት የወጣ ይሆናል፤ እሺ። ሌላውስ በየትኛው በር ወጣ? በማን ፊርማ? መልስ የሚሰጥ የመንግሥት ሰው ካለ ይህ ጋዜጣ ቦታ አያጣለትም።

እኔ የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፤ የሚቃወመኝ ይጻፍ። ለካሜራ፣ ለጫማ፣ ለመኪና ጎማ ተጫረቱ፣ አድፍጡ፣ አሸንፉ። የተቀደደ ብራና ላይ ግን ዋጋ አትጥሩ፤ አንድ ዶላርም ቢሆን። ገጹን ፎቶ አንሱ፣ የዕቃውን ቁጥር መዝግቡ፣ ሻጩን «ከየት አገኘኸው? ወረቀቱን አሳየኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለገበያው ባለቤት አመልክቱ፣ ለኤምባሲና ለቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። «ተስማምተን አንዳችን ብቻ በርካሽ እንግዛ» የሚሉም አሉ። ተጫራቾች ተመሳጥረው ዋጋ መስበር በአሜሪካ ሕግ ያስጠይቃል፤ ደግሞም በርካሽ የተገዛ ቅጠል ቀጣዩን አያድነውም።

ሽማግሌው በዚህ አልተስማሙም። «ታዲያ ዳዊቱ የፈረንጅ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እስካሁን ይወጋኛል። የእኔዋ ቅጠል እህቴ ቤት በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ባየኋት ቁጥር ደስታም እፍረትም ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ማታ ስልክ ደወሉልኝ።

«ሌላ ወጥቷል፤ የዚያው መጽሐፍ ነው። ትጠራለህ?»

«አልጠራም ጋሼ። እርስዎስ?»

ጥቂት ዝም አሉ። «እስቲ ሰዓቱ ይድረስ» ብለው ዘጉት።