ከጫካ ሸሽተን ጫካ?

«ከገጠር ሸሽተን መጥተን፣ አሁን ደግሞ ጫካ ግቡ ትሉናላችሁ?» ይህን አባባል ያልሰማ የሂልቶፕ አበሻ ያለ አይመስለኝም። በለቅሶ ቤት፣ በክርስትና፣ ቡና ላይ ይነገራል፤ ይሳቅበታል፤ በዚያው ይታለፋል። እኔ ግን፣ አንባቢዬ ይፍቀዱልኝና፣ ዛሬ ሳልስቅ ልከራከረው ነው።

በመጀመሪያ ነገር አባባሉ እውነት አይደለም። አብዛኞቻችን የመጣነው ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከደሴ፣ ከጎንደር ከተማ ነው። ጫካን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ተማሪዎቼ የደጋ አጋዘንን የሚያውቁት በ10 ሳንቲም ጀርባና በኒያላ ሲጋራ ፓኮ ላይ ነበር። ዋልያም ዛሬ የብሔራዊ ቡድናችንና የቢራ ስም ሆኗል። የስሜን ተራሮች ፓርክ እኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው! ከ1996 እስከ 2017 ድረስም በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ ቆይቷል። ለዕረፍት አገር ቤት ከምንሄደው ስንቶቻችን ነን ደባርቅን አልፈን ያየነው? እንግዲህ «ጠግበነዋል» የምንለው ያልቀመስነውን ነው።

ከገጠር ለመጡትም ቢሆን መልስ አለኝ። በሰሜኑ አገራችን እርሻው ደኑን በልቶ ሲጨርስ፣ ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። መንገደኛ ከሩቅ ሆኖ «ደብር አለ» የሚለው ዛፉን አይቶ ነው። ከሸሸነው ነገር ውስጥ ድርቁ፣ ጦርነቱና እስሩ አሉ፤ የደብሩ ዛፍ ግን ማንንም አላሳደደም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከሂልቶፕ ተነስተው በብሮድ ስትሪት ወደ ምዕራብ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢነዱ ባቴል ዳርቢ ክሪክ የሚባለው ፓርክ ይደርሳሉ። ስፋቱ ከ7,000 ኤከር በላይ ነው፤ በእኛ አለካክ 70 ጋሻ ያህል መሬት መሆኑ ነው። ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ከኦሃዮ ከጠፋ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ2011 ተመልሶ በዚያ ሜዳ ላይ ይግጣል። ቢግ ዳርቢና ሊትል ዳርቢ ወንዞችም በ1994 በፌዴራል ደረጃ ተጠባቂ ተብለው ተመዝግበዋል። ጥበቃው ለሁሉም አልደረሰም። ሳዮቶ ማድቶም የምትባል ትንሽ የአምባዛ ዘር በዓለም ላይ የተገኘችው በዚሁ በቢግ ዳርቢ ብቻ ነበር፤ ከ1957 ወዲህ ያያት የለም፤ በ2023 መንግሥት ጠፍታለች ብሎ ከመዝገብ ሰረዛት። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ዳይኖሰር መጥፋት ይማራሉ፤ ከቤታቸው ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ስለጠፋችው ግን የነገራቸው የለም።

«ጊዜ የለም» ለሚሉኝ፣ እኔም ታክሲ ነጂ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከመሪ ኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ምን እንደሚለው አውቃለሁ። ይህ ወገብ በዕረፍት ቀኑም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዩቲዩብ እንዲያይ የፈረደበት ማን ነው? «ገንዘብ የለም» ለሚሉትም፣ ሜትሮ ፓርኮቹ መግቢያ አያስከፍሉም። የሚተዳደሩት በዋናነት የካውንቲው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው የንብረት ግብር ነው። ቤት የገዛ በቀጥታ፣ የተከራየ ደግሞ በኪራዩ ውስጥ ይከፍለዋል። ከፍለን የማንበላው ድግስ ማለት ይህ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፣ አልንቀውም። «ጥቁር ሰው ብቻውን ጫካ ውስጥ ሲዞር ፖሊስ ይጠሩበታል» የሚለው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ክርስቲያን ኩፐር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወፍ እያየ ሳለ፣ አንዲትን ሴት ውሻሽን እሰሪ ስላላት ብቻ ፖሊስ ደውላበታለች። ጆርጅ ፍሎይድ የተገደለውም በዚያው ዕለት ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን ወፍ ተመልካቾች ምን አደረጉ? ቤታቸው አልገቡም፤ በዚያው ሳምንት የራሳቸውን የወፍ ሳምንት አወጁ፤ በብዛት ወጡ። እኛም ለብቻችን የምንፈራ ከሆነ አሥራ አምስት ሆነን እንሂድ። አሥራ አምስት ሆኖ መሄድን ደግሞ ለአበሻ ማስተማር አያሻም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእናትና የአባቶቻችን ነገር ነው። ከአገር ቤት አስመጥተን አፓርታማ ውስጥ ከልጅ ልጅ ጋር ቆልፈንባቸው እንወጣለን። ቋንቋ የለ፣ መኪና የለ፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የመኪና ማቆሚያ ያያሉ። ዕፅዋትን በስማቸው የሚያውቁ፣ የወፍ ድምፅ ሰምተው ዝናብ መጣ የሚሉ ሰዎች! ከልጆቻችን ጋር የጋራ ቋንቋ ቢያጡ እንኳ ከዛፍ ሥር ሆነው የሚያሳዩት ነገር አያጡም።

ለኮሚኒቲ ማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ አጭር ነው። በየሰመሩ ለእግር ኳስ በዓል ሌላ ስቴት ድረስ መኪና እንከራያለን። በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ቫን ሽማግሌዎቻችንንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዳርቢ ቢሄድ ምን ይጎድላል? ለጀማሪ የሚቀርበው ደግሞ ከመሀል ከተማ አጠገብ በሳዮቶ ወንዝ ዳር ያለው የአውዱበን ማዕከል ነው፤ በ2009 ተከፍቷል። (ያ አካባቢ ቀድሞ የተጎተቱ መኪናዎች የሚታጎሩበት ግቢ ነበረበት፤ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።) ብስክሌት ያላችሁ ወጣቶችም በሂልቶፕ የሚያልፈው የካምፕ ቼዝ መንገድ እስከ ዳርቢው ፓርክ ያደርሳችኋል። አንዱን ቫን ያለ ክፍያ እኔ እነዳለሁ። ሁለተኛውን የሚነዳ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጁን ያውጣ።