መብራት ቢጠፋስ?

ሉማሜ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በኢንተርኔት ለምትሠሩት ሥራ አመልክታችሁ ነበር እንበል። ከብዙ ዝምታ በኋላ የቃለ መጠይቅ ጥሪ በኢሜይል ደረሳችሁ። ወዲያው የሚያስጨንቃችሁ «እንግሊዝኛዬ ይበቃ ይሆን?» የሚለው ነው። ተገቢ ጭንቀት ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድሙ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ሰዓቱን አጣሩ። በኒውዮርክ ከጠዋቱ 10 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ በእኛ ሐምሌ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ጥር ላይ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ አሜሪካውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይቀይራሉና። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ሰዓቱን በእነሱም በእኛም አቆጣጠር ጽፋችሁ በኢሜይል አረጋግጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ቀጥሎ መብራትና ኔትወርክ አለ። በርቀት የሚቀጥር ሰው ትልቁ ስጋቱ ሠራተኛው በሥራ መሀል ድንገት እንዳይጠፋበት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጠያቂውም ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እዚህ ምንም ችግር የለም» አትበሉ። አንድ ምሽት ቻርጀሩን ነቅላችሁ የላፕቶፑ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለኩ። በቀጠሮው ሰዓት የስልካችሁን ዳታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ ከጓደኛ ጋር በቪዲዮ ተነጋገሩ። ከዚያ «መብራት ሲጠፋ ባትሪዬ ይህን ያህል ይቆያል፤ ኔትወርክ ከተቋረጠ በስልክ ደውዬ አሳውቃለሁ፤ ሥራዬንም ከቀነ ገደቡ አስቀድሜ እጨርሳለሁ» ብላችሁ የሞከራችሁትን ብቻ ተናገሩ። ችግሩን ደብቆ ከሚገኝ ሰው ይልቅ መላውን ይዞ የሚቀርብ ሰው ይታመናል።

ሦስተኛው አስተዳደጋችን ነው። ራስን ማወደስ ነውር፣ ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ጨዋነት ተብለን አድገናል። ጠያቂው ግን «እኛ ሠራን» ስትሉት የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ አይገባውም፤ ስታቀረቅሩም የምትደብቁት ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል። መኩራራት አያስፈልግም። «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ አድርጌ ነው» ማለት ይበቃል። ስትናገሩ ካሜራውን ተመልከቱ፤ ብርሃኑም ከፊታችሁ ይምጣ እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን።

በመጨረሻ ለቤተሰብ ንገሩ። ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ለብዙ ወላጆች ሥራ አይመስልም፤ ካልነገራችኋቸው በቃለ መጠይቁ መሀል ሱቅ ይልኳችኋል። እናታችሁን ቀድማችሁ «እማዬ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀጫውም ሬዲዮውም ጸጥ ይበል» በሏት። ቡናው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ይፈላል።