ስለ ዋይ ፋይና ስለ ተራ አጠባበቅ

መምህራችን የሰጡንን የፈተና መለማመጃ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ ከስልክ ወደ ስልክ ስንቀባበል ሥራው እጅግ ይጓተታል። በዚህም ምክንያት ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ኃይለኛ ማሠራጫ ይግዙልን የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ችግሩ የኃይል ማነስ ሳይሆን የተራ መጥፋት ይመስለኛል።

በከተማችን በአዳማ፣ በአባ ገዳ አዳራሽ ጉባኤ ሲደረግ ንግግር የሚፈቅድ ሰብሳቢ አለ። ስልኮቻችን ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲላላኩ የሁሉ ሰብሳቢ የላቸውም፤ አየሩም የጋራ ነው። ሁለት ስልኮች በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ ቢልኩ የሁለቱም መልእክት ይበላሽና እንደገና መላክ ግድ ይሆናል።

ነገሩ በቍጥር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ጓደኞቻቸው በሃዋይ ደሴቶች አሎሃ የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ባሻው ጊዜ ይልክ ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር ከቻናሉ አቅም ሊሠራበት የሚቻለው ቢበዛ 18 ከመቶ ያህል ነው። ጊዜው በእኩል ተከፋፍሎ መላክ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ቢፈቀድ ግን ወደ 37 ከመቶ ከፍ ይላል። አንዳች ኃይል ሳይጨመር እጥፍ ሆነ ማለት ነው!

የዛሬው ዋይ ፋይ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ ቢጋጭም በዕጣ የደረሰውን ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። ግጭቱ በተደጋገመ ቍጥር ጥበቃው እየረዘመ ይሄዳል። ሆኖም ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ስልኮች ሳይሰማሙ ለመካከለኛው ቢልኩ እዚያው ይጋጫሉ። እርግጥ ነው፣ ኃይል ቢጨመር የተደበቀው ሊሰማ ይችላል። ነገር ግን የሚሰሙት ጎረቤቶች ሲበዙ ዝም ብለው ተራ የሚጠብቁትም ይበዛሉ፤ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች ምን በደሉ?

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም። ወላጆች የሚያዋጡት ገንዘብ ካለ፣ የኮምፒውተር ክፍላችንን በገመድ ለማገናኘት ይዋል እላለሁ። ለስልኮቻችን ግን ገንዘብ አያስፈልግም። ባለፈው ሳምንት በረድፍ በረድፍ ተራ ይዘን ብንቀባበል ደወሉ ሳይደወል ጨረስን። የኋላ ረድፍ ተማሪዎች ግን መጨረሻ ስለ ደረሳቸው እስካሁን ያጕረመርማሉ።