የጎማ መጠን ለውጥና የመንግሥት ተሽከርካሪዎች የኪሎ ሜትር ሒሳብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሽከርካሪ አስተዳደር ውስጥ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ንባብን ያህል የሚታመን ማስረጃ የለም ማለት ይቻላል። የነዳጅ ፍጆታ የሚሰላው፣ የዘይትና የፊልትሮ መለወጫ ጊዜ የሚወሰነውና የአሽከርካሪው የጉዞ መዝገብ የሚመሳከረው በዚሁ ቁጥር ነው። ይሁንና ቁጥሩ የተመሠረተበት የጎማ መጠን በጋራዥ ውስጥ በአንድ ቀን ሊለወጥ፣ ለውጡም በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል።

የጉዳዩ ክብደት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጨምሯል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ወደ ማንሳት በመግባቱ እያንዳንዱ ሊትር በበጀት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም ተግባራዊ የሆነው የነዳጅ የኤሌክትሮኒክ ክፍያም የተገዛውን ነዳጅ ለመከታተል የተሻለ ዕድል ፈጥሯል። ሊትሩ በጥብቅ እየተመዘገበ ኪሎ ሜትሩ የተዛባ ከሆነ ግን የሁለቱ ንጽጽር ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ማምራቱ አይቀርም።

የፍጥነት መለኪያም ሆነ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን በቀጥታ አይለኩም። በቀድሞዎቹ ተሽከርካሪዎች ከካምቢዮ በሚነሳ ገመድ፣ በአሁኖቹ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አማካይነት የሚቆጠረው የዙር ብዛት ነው። ይህ ብዛት ፋብሪካው አስቀድሞ በወሰነው የጎማ ዙሪያ ሲባዛ ርቀቱ ይገኛል። በመሆኑም ጎማው ከተለወጠ ቆጣሪው ሳይበላሽ ስሌቱ ይሳሳታል።

ለአብነት 265/70 አር 16 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ቁመቱ የስፋቱ 70 በመቶ፣ የሚገጠምበት ቸርኬ ደግሞ 16 ኢንች ነው። ከዚህ ተነስቶ ሲሰላ የጎማው አጠቃላይ ዲያሜትር 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በምትኩ 265/75 አር 16 ቢገጠም ዲያሜትሩ ወደ 804 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ልዩነቱም 3.4 በመቶ ነው። በአንጻሩ 245/70 አር 16 ቢገጠም ዲያሜትሩ ወደ 749 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቸርኬ ላይ የሚገጠሙ በመሆናቸው በግዥ ሰነድ ላይ “ባለ 16 ጎማ” ተብሎ መጻፉ ብቻውን ልዩነቱን አያሳይም። በተቃራኒው 265/65 አር 17 ጎማ ቸርኬው ትልቅ ቢሆንም አጠቃላይ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ነው። ወሳኙ የቸርኬው መጠን ሳይሆን የጎማው የውጭ ዙሪያ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ልዩነቱ በነዳጅ ሒሳብ ላይ የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የተተመነለት ተሽከርካሪ በወር በትክክል 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 250 ሊትር ይጠቀማል። ከፍ ያለው ጎማ ከተገጠመለት ቆጣሪው የሚመዘግበው 1 ሺህ 934 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው ራሱ በፍጆታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሳይታሰብ፣ አሽከርካሪው ከ8 ሊትር በላይ ነዳጅ እንዳባከነ ተደርጎ ይታያል። አነስተኛው ጎማ ሲገጠም ደግሞ ቆጣሪው 2 ሺህ 75 ኪሎ ሜትር ስለሚያሳይ ባልተሄደ መንገድ ከ9 ሊትር በላይ ነዳጅ ሊወራረድ ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ጥፋት የሌለበት ሠራተኛ ይጠየቃል፤ በሁለተኛው የመንግሥት ሀብት ሳይታወቅ ይባክናል።

የፍጥነት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ገጽታ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በላይ ሲያሳይ ግን ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል። በዚህም መሠረት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ መለኪያው እስከ 92 ሊያሳይ ይችላል። አምራቾች ይህን በማሰብ መለኪያውን ከእውነተኛው ጥቂት ከፍ አድርገው ያዘጋጃሉ። ከፍ ያለ ጎማ ሲገጠም የሚጠፋው ይህ የደኅንነት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ካለቀ በኋላ 80 የሚያነበው አሽከርካሪ ከ82 በላይ ሊጓዝ ይችላል። የፍጥነት 3.4 በመቶ ጭማሪ ፍሬን ሊያቆመው የሚገባውን ጉልበት ወደ 7 በመቶ ያሳድጋል። የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያም ምልክቱን ከዚሁ ምንጭ የሚወስድ ከሆነ በተመሳሳይ ይሳሳታል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጭማሪ አይደረግበትም። ስለዚህ ጎማ ከተለወጠ በኋላ የፍጥነት መለኪያው ከጂፒኤስ ጋር መስማማቱ ቆጣሪው ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ማንኛውም ልዩነት የጎማ ለውጥ ውጤት አይደለም። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ጥርሱ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ዲያሜትሩ በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ ቆጣሪው ከ1.5 በመቶ በላይ ትርፍ ሊመዘግብ ይችላል። ዋናው መለያ ግን ሌላ ነው። ከጎማ መጠን የሚመነጭ ስህተት በአጭርም ሆነ በረጅም ጉዞ መቶኛው አንድ ዓይነት ነው። በጂፒኤስና በጉዞ መዝገብ መካከል ያለው ልዩነት ከጉዞ ጉዞ የሚለዋወጥ ከሆነ መንስኤውን ከጎማ ውጭ መፈለግ ተገቢ ነው።

አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም መወሰኗም ጥያቄውን አያስቀረውም። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፍጆታም በኪሎ ሜትር የሚሰላ ሲሆን የባትሪ ዋስትናም በአብዛኛው በዓመትና በኪሎ ሜትር የተገደበ ነው።

መፍትሔው ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። በግዥ ጥያቄ ላይ የጎማው ሙሉ መለኪያ መጻፍ፣ ጋራዡም የወጣውንና የገባውን ጎማ መጠን ከቆጣሪው ንባብ ጋር መዝግቦ ለስምሪት ክፍል ማሳወቅ ይኖርበታል። ስኮርታውን ጨምሮ የሁሉም ጎማዎች መጠን አንድ መሆኑም ሊረጋገጥ ይገባል። የተለየ መጠን መግጠም ግድ ሲሆን መለኪያውን በባለሙያ ማስተካከል፣ ይህ ካልተቻለም ርቀቱ በታወቀ መንገድ ላይ በመፈተን ማስተካከያ ቁጥሩን በተሽከርካሪው ማኅደር ውስጥ ማስፈር ያስፈልጋል።

የተሽከርካሪ ኃላፊዎችና ኦዲተሮች አንድን አሽከርካሪ በነዳጅ ብክነት ከመጠየቃቸው ወይም በቁጠባ ከማመስገናቸው በፊት በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መለኪያ ሊያነቡ ይገባል። ተጠያቂነት ትክክለኛ የሚሆነው መለኪያው ትክክለኛ ሲሆን ነውና።