ገንዘብ ሳያወጡ ውፍረትን ስለ መቀነስ

ብዙ ጊዜ ሳይተያዩ የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ተመችቶሃል! ወፈር አልህሳ!» መባባል በአገራችን የቆየ የፍቅር ሰላምታ ነው። በዋጃና በመላው የራያ ቆላ ደግሞ ይህ ሰላምታ የራሱ ታሪክ አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ከዚህ በስተ ሰሜን ከተራራው ላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሽማግሌ፣ የልጁን ጉንጭ ሞልቶ ሲያይ ፈጣሪውን ቢያመሰግን ማን ይፈርድበታል? ዛሬም ቢሆን ዝናም በቀረ ዓመት ማሽላው ሳያፈራ የሚደርቅበት ገበሬ ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር ስለ ክብደት መቀነስ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል።

እኛ ግን የምንጽፈው ለዚያ ገበሬ አይደለም። እርሱ በእርሻው ሲደክም ይውላል፤ የሚያስፈልገውም የምግብ መጨመር ነው። የምንጽፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውለው ለመምህሩ፣ ለጸሐፊው፣ ለነጋዴውና እኛን ለመሰለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ100 አዋቂዎች መካከል 6 ያህሉ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሲሆን፣ 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በእርግጥ ለደም ግፊት መነሻው ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ጨው መብዛትም፣ እርጅናም፣ ዘርም አለበት። ይሁን እንጂ ትርፍ ስብ፣ በተለይም በሆድ ዙሪያ የሚከማቸው፣ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ከሚጠሩት ነገሮች አንዱ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። እነዚህ በሽታዎች ደግሞ ሳያሳምሙ ብዙ ዓመት ስለሚቆዩ፣ ሰው መታመሙን የሚያውቀው ዓይኑ ሲፈዝ ወይም ኩላሊቱ ሲደክም ይሆናል።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከደሙ ንጹሕ አድርገን አይደለም። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ ለአውቶቡስ የምንከፍለው ስላልነበረን ጧትና ማታ በእግራችን እንመላለስ ነበር። ወደ አገራችን ተመልሰን ደመወዝ መቀበል ስንጀምር፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ለማይሞላ መንገድ ባጃጅ መጥራት ለመድን። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀበቷችን ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ወዳጆቻችንም «ተመቻችሁ» እያሉ አመሰገኑን። የሌላውን የደም ግፊት የምንለካ ሰዎች የራሳችንን ስንለካ ከፍ ብሎ ስላገኘነው አፈርን።

የሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም በግምት የሚነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፣ ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ ቲኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች በልብ ሕመም የሚያዙት በጣም ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳይተዋል። ደግሞም በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው ከመቶ 7 ያህል እንዲቀንሱ ቢደረግ፣ በበሽታው የሚያዙት ሰዎች ቁጥር ከመቶ 58 ዝቅ ማለቱን አስረድቷል። ክኒን በተሰጣቸው ወገኖች ዘንድ የታየው ቅናሽ ግን ከመቶ 31 ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው። እንግዲህ የሚፈለገው እንደ ሸምበቆ መቅጠን አለመሆኑን አንባቢው ልብ ይበል።

ይህ 150 ደቂቃ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ለዚህም የስፖርት ቤት ክፍያና የውጭ አገር መሣሪያ አያስፈልግም። ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው፤ መጠኑም እየሄዱ መነጋገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ይሁን። አገራችን ቆላ ስለ ሆነች ጧት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ማታ ሲበርድ መሄድ ይሻላል። ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት መኪና ስለሚበዛበት፣ የውስጥ ለውስጡን መንገድ መምረጥ፣ ግድ ከሆነም ከመንገዱ ዳር ሆኖ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ መሄድ ያስፈልጋል። መውጣት ያልቻለ ሰው በግቢው ውስጥ ገመድ ይዝለል፤ ወይም ከወንበር እየተነሣ ይቀመጥ።

እንቅስቃሴው ግን ምግብን ካላስተካከሉ ብቻውን ክብደት የመቀነስ ኃይሉ ትንሽ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ ግማሽ ሰዓት በእግር የወጣውን ኃይል ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ የወጡን ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ መስፈር ይገባል። በጾም ወራት በዘይት የራሰ ሽሮና ሳምቡሳ ማብዛት፣ በፍስክ ወይም በማፍጠሪያ ሰዓትም ያለፈውን ሁሉ ለማካካስ መብላት፣ ጾሙ ለአካል የሚሰጠውን ዕረፍት ይሽራል።

ስኳርንም እንቍጠር። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው፣ በቀን አራት ብርጭቆ ቢጠጣ 48 ግራም ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይበጃል ይላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳም ብቻውን 30 ግራም ያህል ይዟል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስ ሳይቸገር ይለምደዋል። የማሽላውን እንጀራ አንተውም፤ ነገር ግን በእንጀራው ላይ ጎመንና ምስር በርከት ቢል፣ እንጀራው አነስ ቢል፣ ሳይርብ ይጠገባል። ጨውም በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ።

አሁን ቃላችንን ወደ መምህራን እንመልስ። ለልጆች በየቀኑ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ለልጁ ያተረፈለት ይመስለዋል እንጂ ዕዳ ያስገባዋል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈበት አገር ልጆች ሩጫን በቴሌቪዥን ብቻ ማየት የለባቸውም።

ሌላው ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው። ወፍጮው እናቶቻችንን ከድንጋይ ላይ ድካም አሳርፏል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በከተማ የምትኖር ሴት ለጤናዋ ብላ ጧት በእግሯ ስትሄድ «ምን ሆና ነው?» እያሉ የሚሳለቁ አሉ። ከዚህ ሁሉ ምክር ይልቅ የሚከብደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የተማረ ሰው በመጀመሪያ ከዚህ ፌዝ ራሱን ያውጣ፤ ቢችልም ከባለቤቱና ከእኅቱ ጋር አብሮ ይሂድ።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃንና ከሲታ ሰው ይህን የመቀነስ ምክር አይከተሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ምግቡን ከመቀነሱ ወይም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሳያስበው የሚከሳ፣ ውኃ ጥሙና ሽንቱ የሚበዛ፣ ወይም ለሳምንታት የሚያስል ሰው ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እንዲህ ያለው መክሳት የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ሚዛን የሌለው ሰው በሲባጎ ራሱን ይለካ። ቁመቱን በሲባጎ ለክቶ ለሁለት ይጠፈው፤ የታጠፈው ሲባጎ በወገቡ ዙሪያ ከገጠመ መልካም፤ ካልደረሰ ግን ነገ ጧት ባጃጁን ትቶ በእግሩ ይሂድ። እኛም ሲባጎው ገና አልገጠመልንም፤ ሆኖም ከሦስቱ የቀበቶ ቀዳዳዎች ሁለቱን መልሰናል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።