የግዳይ ክብር በምን ይለካ?

ከብዙ ዓመታት በፊት በሰበታ ከተማ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ከዱር አራዊት ሁሉ ለማደን እጅግ የሚከብደው የትኛው ነው?» የሚል የክርክር ርእስ ሰጥቻቸው ነበር። ገሚሱ ዝሆን፣ ገሚሱ አንበሳ አለ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጎሽን መረጡ። ሁሉም ከአያቶቻቸው የሰሙትን የጀግንነት ታሪክ በማስረጃነት አቀረቡ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «እኔ የማውቀው ድኩላን ብቻ ነው፤ አጎቴ ከወጨጫ ጫካ በወጥመድ ይይዘዋል፤ ምንም አይከብድም» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ውሎ አድሮ ሳስበው ግን፣ ያ ልጅ ሳያውቀው ከሁላችንም የበለጠ ከባድ ጥያቄ እንዳነሣ ተረዳሁ። ለአዳኙ የቀለለው ነገር ለአገርም ይቀላልን? በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

የአደን ልምድ እንደ አውሬው ጠባይ ይለያያል። አደን ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስለው ጫካ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አንዱ አውሬ የእግር ብርታትን፣ ሌላው የልብ ድፍረትን፣ ሦስተኛው ትዕግሥትን፣ አራተኛው ደግሞ የዓይንና የጆሮ ንቃትን ይጠይቃል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንዳንዶቹን በየተራ እንመልከት።

ዝሆንን የሚያድን ሰው ከሁሉ በፊት ጠንካራ እግረኛ መሆን አለበት። ዝሆን ያን ግዙፍ ሰውነቱን ለመመገብ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ በመብላት ያሳልፋል፤ ምግብና ውኃ ፍለጋም ረጅም መንገድ ይጓዛል። አዳኙም ዱካውን ተከትሎ፣ የተሰበረውን ቅርንጫፍና የወደቀውን ፋንድያ ትኩስነት እየመረመረ፣ አንዳንድ ጊዜ ለቀናት መጓዝ ይኖርበታል። የዝሆን ዓይን ደካማ ቢሆንም የማሽተት ኃይሉ እጅግ ብርቱ ነው። ስለሆነም ልምድ ያለው አዳኝ ጥቂት ዐመድ ወይም ደቃቅ ዐፈር ወደ ላይ በትኖ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያውቅ ወደ መንጋው አይጠጋም። ነፋሱ ከዞረበት መንጋው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመጣበታል።

የጎሽ አደን ከዚህ የተለየ ነው። ጎሽ በሰላም ሲግጥ ሲያዩት የቤት ከብት ይመስላል፤ ከቆሰለ በኋላ ግን ፍጹም ሌላ አውሬ ይሆናል። ወደ ጥሻ ገብቶ፣ የመጣበትን መንገድ በጎን ዞሮ፣ ዱካውን ተከትሎ የሚመጣውን አዳኝ አድብቶ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በጎሽ አደን የሰው ልብ የሚፈተነው በመጀመሪያው ተኩስ ሳይሆን ከተኩሱ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። አንበሳም ቢሆን ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ ለሚገጥመው ሰው ፈተናው የጥቂት ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሕይወትና ሞት ይወሰናሉ። ወደ አፍሪካ የመጡ የውጭ አገር አዳኞች አንበሳን፣ ነብርን፣ ጎሽን፣ ዝሆንንና አውራሪስን «አምስቱ ታላላቆች» ብለው የሰየሟቸው፣ በእግር ሆነው ሲያድኗቸው ከሁሉ የበለጠ አደገኛ ሆነው ስላገኟቸው እንጂ በአካላቸው ግዝፈት ብቻ አልነበረም።

ወደ ባሌና ወደ አርሲ ተራሮች ስንሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት አደን እናገኛለን። የደጋ አጋዘን የሚኖረው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በአስታና በኮሶ ዛፎች መካከል ነው። አዳኙ በማለዳ ብርድ ከአንድ ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ማዶውን በመነጽር ሲቃኝ ይውላል። እዚህ የሚያስፈልገው ድፍረት ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ አጋዘኑ በሰው ላይ አይመጣምና። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀው የነበረ ቢሆንም፣ የሳይንስ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከገደለው በኋላ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያውም እስከ ዛሬ የእርሱን ስም ይዞ ይኖራል።

አሁን ወደ ተማሪዬ ድኩላ እንመለስ። በወጨጫ ተራራ ተዳፋት፣ ከሰበታ ብዙም ሳይርቅ፣ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። በዚህ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ወንዱ ወደ ጥቁርነት ያደላ ቆዳ ያለው፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ የድኩላ ዝርያ ይኖራል። ድኩላ ብቻውን መሄድ ይወዳል፤ ከጥሻው የሚወጣውም ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። በድንገት ሲደነግጥ እንደ ውሻ ጮኾ ይሰወራል። ዓይን ለዓይን ተያይቶ በእግር ሊያድነው የሞከረ ሰው «ምንም አይከብድም» አይልም፤ አንዲት ደረቅ ቅጠል ብትንኮሻኮሽ ነገሩ ሁሉ አበቃ። ቀላል ያደረገው ወጥመዱ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን እነዚህን አራዊት በደረጃ አስቀምጠዋቸው ነበር። በአማራም ሆነ በኦሮሞ፣ በሌሎችም ሕዝቦቻችን ዘንድ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው «ገዳይ» ተብሎ ይከበር ነበር። ጠጉሩን ቅቤ ይቀባል፤ ይፎከርለታል፤ ይዘፈንለታል። አንበሳ የገደለው ከራሱ ላይ ጎፈር ይደፋል፤ ዝሆን የገደለው ከጆሮው ሎቲ ያንጠለጥል እንደነበር ይነገራል። ድኩላ የገደለ ግን ሥጋ አገኘ እንጂ ክብር አላገኘም። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት የተሠራ አልነበረም። የግዳይ ክብር የሚለካው አውሬው በሰው ላይ ሊያደርስ በሚችለው አደጋ ነበር። በጦርና በጋሻ ዘመን መለኪያው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ሰውየውም አውሬውም ሊሞቱ ይችሉ ነበር።

ጠመንጃ በገባ ጊዜ ግን ሚዛኑ ተናጋ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃ በአገራችን በብዛት ሲሠራጭ፣ የዝሆን ጥርስም ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ በገፍ ወደ ውጭ ይላክ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጃቸው ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው፣ እስከ ተከታዩ ዓመት ድረስ ሁለቱ ብቻ 512 እንስሳት ገደሉ፤ ሁለቱም በደኅና ወደ አገራቸው ተመለሱ። 512 ለባዶ በሆነ ውጊያ ውስጥ የጀግንነት መለኪያው ወዴት አለ? ደረጃው ግን በሰው ልቡና እንደ ነበረ ቀረ። ሰው በማይሠራ ሚዛን እየመዘነ መግደሉን ቀጠለ። በደቡብ አፍሪካ ኳጋ የሚባለው የሜዳ አህያ ዝርያ በአደን አልቆ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1883 በአምስተርዳም የእንስሳት መጠበቂያ ሞተች። አውራሪስም ከኢትዮጵያ እንደጠፋ ይታመናል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የጥንቱን ደረጃ ገልብጠን ማንበብ አለብን። ጥንት የግዳይ ክብር የሚለካው አውሬው በሰው ላይ በሚያደርሰው አደጋ ነበር፤ ዛሬ ግን አደን ሊመዘን የሚገባው ሰው በአውሬው ዘር ላይ በሚያደርሰው አደጋ ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ጥያቄዎቹ ሌላ ይሆናሉ። ዘሩ ስንት ቀረ? የሚገኘው የት ብቻ ነው? የሞተውን ለመተካት ስንት ጊዜ ይወስድበታል? አንዲት ዝሆን የምታረግዘው 22 ወር ያህል ሲሆን፣ የምትወልደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ለአንድ ጥርስ ሲባል የጠፋውን ለመመለስ የሰው ዕድሜ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ዝሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል፤ የምኒልክ ድኩላና የደጋ አጋዘን ግን ከእኛ ዘንድ ከጠፉ ከየትም አይመጡም። ክፍሉ የሣቀበት ድኩላ በአዲሱ ሚዛን ከትልልቆቹ ጎን ይቆማል ማለት ነው።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ ያነሣሉ። እንዲህም ይላሉ፦ «ሀብታሙ የውጭ አገር ሰው በብዙ ሺህ የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ ገዝቶ በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘን ይገድላል፤ ቀንዱንም ይዞ ይሄዳል። የሰበታው ድኻ ግን ለልጆቹ አንድ ድኩላ ቢይዝ ወንጀለኛ ይባላል። ይህ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?» ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 541 የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ፈቃድ የሚገዛው ደግሞ ገንዘብ ያለው ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በፈቃድ የሚያድነው ሰው በየአካባቢው በተወሰነለት ቁጥር መሠረት አንድ ዕድሜው የገፋ ወንድ መርጦ ይተኩሳል። ወጥመድ ግን ዓይን የለውም። ያረገዘችውንም፣ ግልገሉንም፣ ያልታሰበውንም እንስሳ ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ሳይመለስ ቀርቶ እንስሳው በከንቱ ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ ከፈቃዱ የሚገኘው ገንዘብ ለአካባቢው ሕዝብ ከደረሰ፣ ገበሬው ጫካውን ከማረስ ይልቅ መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ጨርሳ ዘግታለች፤ ነገር ግን የአራዊቷ ቁጥር መቀነሱ በዚያ ምክንያት አልቆመም፤ ግጦሹና ደኑ እየጠበበ ሄዷልና። ይህ ማለት ክልከላ ብቻውን መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ገንዘቡ ለአካባቢው ሕዝብ ካልደረሰ የተማሪዬ አጎት ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታ ባለበት ስፍራ ደግሞ የደን ጥበቃ አይጸናም። እኔ የአጎትየውን ድርጊት አልደግፍም፤ ጥያቄውን ግን እደግፋለሁ።

ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እያንዳንዳቸው የዱር ሕይወት ጎረቤት ናቸው። ሰበታ መናገሻ ሱባን ትመለከታለች፤ ቡራዩ ከገፈርሳ ሐይቅ ጋር ትዋሰናለች፤ ሱሉልታ በክረምት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። በገፈርሳና በሱሉልታ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ቤቱ፣ ፋብሪካውና መንገዱም ከዓመት ወደ ዓመት ይስፋፋል። በዚህ ሁኔታ ደኑ በከተማ የተከበበ ደሴት እየሆነ ይሄዳል። በሰፊ አገር ውስጥ አንድ ድኩላ ቢሞት ሌላው ከማዶ ጫካ ይመጣ ነበር፤ ደሴት ላይ ግን ማዶ የለም። በዚያ ያለ እያንዳንዱ ወጥመድ ከማይተካ ገንዘብ ላይ እንደ መቀነስ ይቆጠራል።

ታዲያ ወጣቶች ከአባቶቻቸው የአደን ሙያ ምንም አይውረሱን? በእኔ እምነት መውረስ አለባቸው። ዱካ ማንበብ፣ ነፋስ መለየት፣ ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ፣ ሰዓታት ሙሉ ሳይሰለቹ መጠበቅ ክቡር ሙያዎች ናቸው። የጠመንጃው ቃታ ባይሳብም እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሱባ ወጥተን ነበር። ከዝግባዎቹ ሥር ተቀምጠን ለረጅም ጊዜ ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ጥቁር ወንድ ድኩላ ከጥሻው ወጥቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ አየንና ተመልሶ ገባ። ማንም አልተናገረም። ያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ወደ ሰበታ እስክንወርድ ድረስ ዝም ብሎ ተጓዘ፤ ከዚያም «አጎቴ እንዲህ ቆሞ አይቶት አያውቅም» አለኝ።

ዛሬ ያ የክርክር ርእስ እንደገና ቢሰጠኝ መልሴ እንዲህ ይሆናል፦ ዝሆንን ማደን እግርን፣ ጎሽን ማደን ልብን፣ የደጋ አጋዘንን ማደን ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ድኩላን በወጥመድ መግደል ግን ምንም አይጠይቅም። ልጁ እውነቱን ነበር። የሚከብደው የመጨረሻው ድኩላ ከሞተ በኋላ ሌላ መፈለግ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነውና፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወጣቶች ደኑና ውኃው ገና በእጃቸው ሳለ ክብርን በአዲሱ ሚዛን መመዘን ይጀምሩ።